ቡፌውን ለቆራሌ አልሰጥም፦ የቤት ዕቃ እድሳት ማስታወሻ ከጅማ

ግንቦት መጨረሻ፦ ያለኝ ዕቃ

ሦስት ዕቃ ነው የምሠራው። አንዱ ትንሽ ኮመዲኖ ነው፤ በቡናማ ዘይት ቀለም ተለቅልቋል። ሁለተኛው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ነው፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ በጭስ የጠቆረ። ዋናው ግን ከአክስቴ ቤት የመጣው ቡፌ ነው። ሁለት በር፣ ሦስት መሳቢያ፣ ከላይ የመስታወት መደርደሪያ አለው።

ቤት ውስጥ የነበረው ሐሳብ ቡፌውን ለቆራሌ ሰጥቶ አዲስ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ መግዛት ነበር። ቆራሌው 1,500 ብር አለ። አዲሱ ዕቃ ደግሞ 18,000 ብር ተጠራ፣ ያውም ቺፑድ። ቺፑድ የተፈጨ እንጨት በኮላ ተጠፍጥፎ ነው። ጠርዙ ውሃ ከቀመሰ ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። ጅማ ውስጥ ይሄን ያላየ ቤት ያለ አይመስለኝም። ወለል በተወለወለ ቁጥር ከሥር ጀምሮ ይገነፍላል።

መጀመሪያ እንጨቱን ማወቅ ነበረብኝ። መሳቢያውን አወጣሁና ከኋላው ምንም ያልተቀባውን ቦታ በቢላ ፋቅ አደረግሁ። ወርቃማ ቡናማ ወጣ። የሰፈራችንን አናጢ ጠራሁት። በጥፍሩ ጫን አድርጎ አየው፣ አሸተተው።

«ዋንዛ ነው ልጄ። ይሄን ለቆራሌ ልትሰጥ ነው?»

«ጋሼ፣ ራሴ ላድሰው ብዬ ነው።»

«እንግዲያው አትቸኩል። የቸኮለ ሰው እንጨቱን ከቀለሙ ጋር ነው የሚፍቀው።»

ዋንዛ ቀላል እንጨት ነው፤ ለመሥራት ይመቻል፣ ብዙ አይጣመምም። እዚህ አካባቢ ለቡና ጥላ የሚሆነውም እሱ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር። ስለዚህ የድሮ ዋንዛ ቤት ውስጥ ካለ እሱን ማደስ ይሻላል። ዛሬ ያን ያህል ሰፊ ሳንቃ ልግዛ ብል ዋጋው አይቀመስም።

መሣሪያ፦ ስፓቱላ፣ ካቻቪቴ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ ሁለት ብሩሽ፣ ጓንት፣ ማስክ። ብርጭቆ ወረቀት 80፣ 120፣ 180፣ 240 እና 400 ቁጥር (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል)፣ አንዱ 60 ብር። ከሄርማታ ገበያ አካባቢ ካሉ የቀለምና የብረታ ብረት ሱቆች ሁሉም ተገኘ። ሞርሴቶ፣ የተጣበቀ እንጨት ኮላው እስኪደርቅ አጥብቆ የሚይዘው ማሰሪያ፣ ውድ ሆነብኝ፤ ከአናጢው እየተዋስኩ እሠራለሁ።

ሰኔ መጀመሪያ፦ ኮመዲኖው

ልምምዱ በኮመዲኖው ነው። ቢበላሽ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

መጀመሪያ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ሞከርኩ። አይሆንም። ዘይት ቀለም ሲፈተግ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይለሰልስና ወረቀቱ ላይ ይጋገራል። ትንሽ እንደሄዱ ወረቀቱ መንሸራተት ብቻ ይሆናል ሥራው። ግማሽ ጎን ሳይላጥ ሦስት ቁራጭ አለቀ።

ከወረቀቱ ይልቅ ያሳሰበኝ አቧራው ነው። የድሮ ዘይት ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። አገራችን በቀለም ውስጥ የሚገባው ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90) እንዳይበልጥ በደንብ የወሰነችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ኮመዲኖው ከዚያ በፊት የተቀባ ነው። ሊድ ማንንም ይጎዳል፣ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ። እኛ ቤት ደግሞ የሚድህ ልጅ አለ። ስለዚህ ያልታወቀ የድሮ ቀለም በደረቁ አልፈትግም። አርጥቤ ነው የምፍቀው። ማስክ አደርጋለሁ፣ ፍቅፋቂውን ጋዜጣ ላይ ሰብስቤ አስራለሁ፣ ልጅ ወደዚያ አይመጣም። በእሳት ማላቀቅም አይሆንም፤ ጭሱ የባሰ ነው።

ቀጥሎ ኮስቲክ ሶዳ። ርካሽ ነው፣ ቀለሙንም እውነትም ያነሳል። ግን አያያዙን ማወቅ ያስፈልጋል። ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ሶዳው አይፈስም፤ ከተገለበጠ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። አልሙኒየም ድስት ውስጥ አይበጠበጥም፤ ብረቱን ይበላል፣ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። የፕላስቲክ ባልዲ፣ ወፍራም ጓንት፣ መነጽር።

ቀለሙ ተሸብሽቦ በስፓቱላ ተነሳ። ሥሩ የነበረው እንጨት ግን ጠቆረ፤ ወርቃማው ወደ ጭቃ ቀለም ሄደ። የላዩም ጸጉር ተነሳ፣ በእጅ ሲነኩት ይሻክራል። በሆምጣጤና በውሃ አጠብኩት። ሶዳው እንጨቱ ውስጥ ከቀረ በኋላ የሚቀባውን ሁሉ ስለሚያበላሽ ይሄ መዘለል የለበትም። ጥቁረቱ ትንሽ ለቀቀ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልሄደም። የላይኛው ሳንቃ መጋጠሚያም ውሃ ጠጥቶ ኮላው ለቀቀ። ሶዳ ለብረት አጥር ይሁን፤ ለዋንዛ አይመከርም።

መፍትሔው ከአናጢው መጣ፣ የመስታወት ስባሪ። አዲስ የተሰበረ የመስኮት መስታወት፣ የእጅ መዳፍ የምታህል። ጀርባዋን በወፍራም ጨርቅ ይዞ፣ ትንሽ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ መሳብ። ቀለሙ ዱቄት አይሆንም፤ እየተጠቀለለ፣ ቀጭን ቅርፊት ሆኖ ይወርዳል። ቀለሙ እንዳለቀ ድምፁ ይለወጣል። መንጨርጨሩ ይቀርና ለስላሳ ፉጨት ይሆናል፤ ያኔ እንጨቱ ላይ ደርሰሃል ማለት ነው፣ ታቆማለህ። ስባሪው ሲደንዝ አዲስ ጠርዝ ይወጣለታል። ምንም ወጪ የለውም። ለቀሩት ሁለት ጎኖች የተጠቀምኩት በዚሁ ነው፣ ቀለማቸውም የዋንዛ ቀለም ሆኖ ቀረ። ከሶዳው ጎን ጋር አጠገብ ለአጠገብ ሲታዩ ሁለት የተለያየ እንጨት ይመስላሉ።

ከዚያ ማለስለስ። ከጓደኛ የብርጭቆ ወረቀት ማሽን ተዋስኩ። ፈጣን ነው፣ መብራት ካለ። ማሽኑ ትንንሽ ክብ ጭረት ይተዋል፤ በደረቁ አይታይም። በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ ግን ከዳር እስከ ዳር ብቅ አለ። ቫርኒሽ ቢቀባ ኖሮ ለዘላለም ይታይ ነበር። በእጅ በ180 ከዚያም በ240፣ በእንጨቱ መስመር ብቻ፣ እንደገና አስኬድኩት። ከዚህ በኋላ ከቅብ በፊት ሁልጊዜ በእርጥብ ጨርቅ አርጥቤ በጎን ብርሃን አያለሁ። የሚነሳውን ጸጉርም ሲደርቅ በ240 ቀለል አድርጎ መንካት ይበቃል።

ሰኔ አጋማሽ፦ በርጩማው

በርጩማውን ልላጨው ነበር። የኮመዲኖው ጎን ስላስተማረኝ መጀመሪያ ማጠብ መረጥኩ።

ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ላርጎ፣ ጨርቁን ጭምቅ አድርጎ ማሸት፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ። ውሃው ጥቁር ሆነ። የዓመታት የማጀት ጭስና የእጅ ቅባት ነው። ሁለተኛውን ዙር በአኳራጃ፣ ዘይት ቀለም በሚያቀጥነው ፈሳሽ፣ አደረግሁት፤ ውሃ ያልነካውን ስብ ያነሳል። ከሥሩ ብርጭቆ ወረቀት ሊሰጠው የማይችል መልክ ወጣ። መቀመጫው መሃል ላይ ሰው ተቀምጦበት ተቀምጦበት ጎድጎድ ብሎ ያበራል። የመጥረቢያ ምት ከሥሩ በኩል አሁንም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይሄን በ80 ቁጥር ብፈትገው ኖሮ የጠራቢውን እጅ ነበር የማጠፋው።

ጅማ ሙዚየም ሄጄ የአባ ጅፋርን ዘመን የእንጨት ዕቃዎች ለማየት ሰበብ ሆነኝ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙ ናቸው። ጅሬን ያለው ቤተ መንግሥታቸውም ቢሆን ዋና ውበቱ የእንጨት ሥራው ነው። የዚያ ዘመን ዕቃ ውበቱ ከእጅ፣ ከቅቤና ከጊዜ የመጣ ነው እንጂ ከቫርኒሽ አይደለም። በርጩማዬ ላይ ቫርኒሽ እንደማይነካው እዚያው ወሰንኩ።

ሐምሌ፦ ቫርኒሽና ዝናብ

ሐምሌ ጅማ ላይ ቫርኒሽ የሚቀባበት ወር አይደለም። ከተማችን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው አሁን ነው የሚወርደው። እኔ ግን ኮመዲኖው ተላጥቶ ተቀምጦ ስለነበር ቀባሁት።

የላይኛውን ሳንቃ በብሩሽ አንድ እጅ ቀባሁ፣ ምሽት ላይ። ጠዋት አልደረቀም። በማግስቱም ጣት ይይዛል። የዘይት ቫርኒሽ የሚደርቀው ከአየር ኦክሲጅን ወስዶ ነው፤ ብርድና እርጥበት ያዘገዩታል። እስኪደርቅ ድረስ አቧራው፣ ትንኙ፣ የጣራው ጥላሸት ሁሉ ተለጠፈበት።

በሩን ደግሞ አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ቤት ወስጄ በኮምፕረሰር ላኬር አስረጨሁት። ዶፍ እየወረደ ነበር። በሩ ነጭ ጉም ለብሶ ተመለሰ። የሆነው እንዲህ ነው። ላኬር ውስጥ ያለው ቲነር በፍጥነት ይተናል፤ ሲተን የእንጨቱን ላይ ያቀዘቅዛል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ጤዛ ይይዛል፣ ጤዛውም ቅቡ ውስጥ ይታፈናል። ነጩ እሱ ነው። የረጨው ልጅ «ሲቆይ ይጠፋል» አለኝ። አልጠፋም። ፀሐይ የወጣ ቀን ጠብቀን ቀጭን ቲነር ብቻ አስረጨን። ቅቡ ላላ ብሎ እርጥበቱን ለቀቀውና ጠራ።

የላይኛውን ሳንቃ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተውኩት። በ400 ቁጥር ወረቀት በውሃ አርጥቤ የተለጠፈውን ሁሉ አወረድኩ። ከዚያ ቫርኒሹን አኳራጃ ጨምሬ አሳሳሁት፣ ለአሥር እጅ ቫርኒሽ አንድ እጅ ያህል። ቀጭን ሁለት እጅ ከወፍራም አንድ እጅ በጣም ይሻላል። ሰዓቱንም ለወጥኩ፦ ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊትም ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላም አልቀባም። በር ዝግ፣ መስኮት ገርበብ። አሁን ሰው ፊት ይቀርባል።

ሶዳ ያጠቆረውን ጎን ከሌሎቹ ጋር ለማመሳሰል በቡና ሞከርኩ። ጅማ ተቀምጦ ቡና ሳይሞክሩ ማለፍ አይቻልም። ጥቁር አድርጌ አፈላሁት፣ አጣራሁት፣ ሌሎቹን ጎኖች በጨርቅ ቀባሁ። አንድ እጅ ሻይ የፈሰሰበት ነው የሚመስለው፤ ሲደጋገም ደስ የሚል ሞቃት ቡናማ ይሆናል። ውሃ ስለሆነ የእንጨቱን ጸጉር ያነሳል፣ በመሃል በ240 ነካ ማድረግ አለ። የዝገት ሆምጣጤም በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሬያለሁ። ሽቦ ሆምጣጤ ውስጥ ከርሞ የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ ሻይ በተቀባ እንጨት ላይ ሲያርፍ ጥቁር ይሆናል። ውጤቱ አስደናቂ ነው፣ ግን መመለሻ የለውም። ለኮመዲኖው አልተጠቀምኩበትም።

ሐምሌ መጨረሻ፦ ዘይት

ለበርጩማው ዘይት አሰብኩ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የየራሱን ይነግርሃል። የምግብ ዘይት ቀባው ያለኝ አለ። ሁሉም ዘይት ግን አይደርቅም። የሚረጋው የፓልም ዘይት በጭራሽ አይደርቅም፤ እንጨቱ ላይ አቧራ ይዞ ይከርማል፣ በኋላም ይሸታል። ተልባ ይደርቃል፤ ከጥንት ጀምሮ ቀለምና ቫርኒሽ የሚሠራበት ዘይት ነው። ኑግም ይደርቃል፣ ግን ዝግ ይላል።

የተልባ ዘይት ገዛሁ፣ ምንም ያልተጨመረበት ጥሬ። በቁራጭ ዋንዛ ላይ በሁለት መንገድ ሞከርኩ። አንዱን ወፈር አድርጌ ቀብቼ ተውኩት፤ ሳምንት አልፎም ያጣብቃል፣ ቢጫ እያለ ተሸበሸበ። ሁለተኛውን ቀብቼ ከቆየ በኋላ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ እስኪያልቅ ጠረግሁ። ይሄኛው ደረቀ፣ ቀስ ብሎ። ምስጢሩ መጥረጉ ላይ ነው። ላይ የሚቀር ዘይት መኖር የለበትም፤ የሚያስፈልገው እንጨቱ ውስጥ የገባው ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው ማድረቂያ ስለተጨመረበት ይፈጥናል፣ ግን ለምግብ ዕቃ አይሆንም።

አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጣልም። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ጨርቁ ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማንም ሳይለኩሰው ይነዳል። ገመድ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ፣ ወይም ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ። እኛ ቤት ማገዶም ከሰልም የሚቀመጠው እዚያው ጓዳ ስለሆነ ይሄን ለቤተሰቡ ሁሉ ነግሬያለሁ።

ነሐሴ፦ ጥገና

ዝናቡ አልቆመም፣ ስለዚህ ቅብ የለም። ጥገና ብቻ።

የቡፌው ላይ ሳንቃ አንድ ጥግ ላይ ስርጉድ ያለ ቦታ አለው፤ የሆነ ከባድ ነገር ወድቆበታል። እርጥብ ጨርቅ አድርጌ በካውያ ጫን አልኩት፣ ለአፍታ ብቻ። እንፋሎቱ የተጨፈለቀውን እንጨት ያነፋዋል። ደጋግሜ ሳደርገው ስርጉዱ ቀስ እያለ ከፍ ብሎ ከሌላው ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረው። ከጎኑ ያለው በቢላ የተቆረጠው ጭረት ግን አልተነሳም፤ የተጨፈለቀ እንጂ የተቆረጠ እንጨት በእንፋሎት አይመለስም። ካውያው በቆየ ቁጥር የነበረው ቅብም ነጭ ይሆናል፤ የእኔም ነጭ ብሏል፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ።

ለጭረቱ ሰጋቱራ በነጭ ኮላ ለውሼ ሞላሁ። አጥብቆ ይይዛል፣ ግን ኮላ ቀለም አይጠጣም። ቡናውን ሳስነካው ዙሪያው ጠቆረ፣ ሙሌቱ ነጣ ብሎ ቀረ። ከዚህ በኋላ የሚታይ ቦታ ላይ ነጭ ኮላ የለም። ስቱኮ የባሰ ነው፤ ከሩቅ ይጮኻል።

የኋላው እግር አጠገብ ትንንሽ ቀዳዳዎችና ዱቄት አለ። እንጨት የሚበላ ትል ነው። ቀዳዳው ትሉ የወጣበት እንጂ የገባበት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ከልጡ ሥር ያለውን ነጣ ያለ እንጨት ነው፤ ጠንካራውን የመሃል ዋንዛ አልነካውም። ዱቄቱን ጠርጌ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ዘረጋሁ። አዲስ ዱቄት ከወደቀ አሁንም አለ ማለት ነው። አልወደቀም። ቀዳዳዎቹን በሰም ደፈንኩ፤ ሌላ ከተከፈተ ይታወቃል።

የሚወዛወዘው የበር ማዕዘን በወንዴና ሴቴ የተጋጠመ ነው። የድሮው ኮላ ለብ ባለ ውሃ ለቀቀ። ያንን ሁሉ ፍቄ አጽድቼ አዲስ ኮላ አደረግሁ፣ በሞርሴቶ አስሬ አሳደርኩት። በአሮጌ ኮላ ላይ አዲስ ኮላ ማፍሰስ ዋጋ የለውም፤ አዲሱ የሚይዘው እንጨት እንጂ አሮጌ ኮላ አይደለም። ሚስማር መትቶ መገላገልም ቀላል ነበር። ከበፊቱ ማን እንደመታ አላውቅም፣ ግን ሁለት ሚስማር ነበረበት፤ እንጨቱን የሰነጠቁት እነሱ ናቸው።

ጳጉሜን፦ ቡፌው ላይ ያለው ምንድን ነው?

ቡፌው ቀለም አይደለም የተቀባው፤ የሚያበራ ጥቁር ቡናማ ነገር ነው። ሥራው ሁሉ የተለወጠው እዚህ ጋ ነው።

ማንኛውንም የድሮ ቅብ ከመላጥ በፊት ምን እንደሆነ መለየት ይቻላል። በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ ውስጥ ጠርዝ፣ በጥጥ አልኮል ነካ ማድረግ። ለስልሶ ካጣበቀ ሻላክ ነው። በአልኮል ካልነቃነቀ በቲነር መሞከር፤ በቲነር ከለሰለሰ ላኬር ነው። ሁለቱም ካልነኩት የዘይት ቫርኒሽ ወይም የዘመኑ ፖሊዩሬታን ነው። የኔው በአልኮል ወዲያው ለሰለሰ። ጥጡ ላይ የሻይ ቀለም መጣ። ሻላክ።

ሻላክ፣ የድሮ አናጢዎች ጎማላካ የሚሉት፣ ሕንድ አካባቢ ዛፍ ላይ የምትኖር ትንሽ ነፍሳት የምታወጣው ሙጫ ነው። በአልኮል ይሟሟል፣ ሲደርቅም ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። ትልቁ ነገር ይሄ ነው። አዲሱ ቅብ ከአሮጌው ጋር ይቀላቀላል፤ ስለዚህ መላጥ አያስፈልግም። ሰኔ ላይ ይሄን አላውቅም ነበር። ቡፌውን አስቀድሜ ብጀምረው ሶዳ ውስጥ ይገባ ነበር ብዬ ሳስበው ያመኛል።

መጀመሪያ በአኳራጃ ጠረግሁት። ሻላክን አይነካም፣ ጥላሸቱንና ስቡን ብቻ ያነሳል። ጨርቁ ከጠቆረ በኋላ የዋንዛው መስመር ከታች ብቅ አለ። ላዩ ላይ ትኩስ ጀበና ወይም ብርጭቆ የተቀመጠባቸው ነጭ ክቦች አሉ። ይሄ እርጥበት የገባበት ሻላክ ነው። ጨርቅ ላይ አልኮል ጠብ አድርጌ፣ እስኪደርቅ ጥቂት ቀርቶት፣ ክቡ ላይ ላባ በሚያህል ጫና አሳለፍኩት። ማቆም አይቻልም፤ ጨርቁ አንድ ቦታ ከቆመ ቅቡን ይነቅላል። እያለፍኩ ሄድኩ። ነጩ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ። ካውያ የነካውም ቦታ በዚሁ ተስተካከለ።

ለአዲሱ ቅብ ሻላክ ከአዲስ አበባ መርካቶ በሰው አስላክሁ፤ በቅርፊት መልክ፣ 250 ግራም። ያሟሟሁት ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ነው። ደመና ሆነ፤ ታችም ዝቃጭ ተቀመጠ። ምክንያቱ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ 70 በመቶ። የቀረው 30 በመቶ ውሃ ነው፣ ሻላክ ደግሞ ውሃ አይወድም። ቁስል ለማጽዳት 70 በመቶው ትክክል ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከ95 በመቶ በላይ የሆነ ያስፈልጋል። አግኝቼ እንደገና ሠራሁ፣ 200 ግራም በአንድ ሊትር። አንድ ሌሊት አሳድሬ በነጠላ ቁራጭ አጣራሁ። ብዙ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ የተሟሟ ሻላክ ከወራት በኋላ ማድረቁን ያቆማል።

አቀባቡ፦ ጥጥ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሻላኩን ጠጥቶ፣ በቀጭኑ፣ ከዳር እስከ ዳር ሳያቋርጡ ማሳለፍ። ቶሎ ስለሚደርቅ ወደ ኋላ ተመልሶ መነካካት የለም። ዝናብ ባለበት ሰዓት ሻላክም እንደ ላኬሩ ይነጣል፤ ስለዚህ ፀሐይ ያለበትን ቀን እየመረጥኩ ነው። ቀጭን ቀጭኑን አምስት እጅ ያህል ሄደ። በጭረቱ ላይ የነበረውን የነጭ ኮላ ሙሌት ቆፍሬ አውጥቼ በሰጋቱራና በወፍራም ሻላክ ሞላሁት። አሁን የት እንደሆነ ለማግኘት መጎንበስ አለብኝ።

አናጢው መጥቶ አየው። በጥፍሩ አንኳኳው።

«አላጨኸውም?»

«አላጨሁትም ጋሼ።»

«ጎበዝ።»

መስከረም፦ ሰም

ለበርጩማውና ለቡፌው ማጠናቀቂያ ሰም ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማርም በሰምም ቀዳሚ ናት፤ ከቆርቆሮ የታሸገ የውጭ ፖሊሽ የምገዛበት ምክንያት አልታየኝም። ጠጅ የሚጥሉ እናት ዘንድ ሄጄ ሰፈፍ ጠየቅሁ። «እትዬ፣ ሰፈፍ አለዎት?» ስላቸው ለምን እንደሆነ ገርሟቸው በርካሽ ሰጡኝ።

ሰፈፉን በጨርቅ ከረጢት አስሬ ከትንሽ ድንጋይ ጋር ውሃ ውስጥ አፈላሁት። ሰሙ በጨርቁ ወጥቶ ይንሳፈፋል፣ እድፉ ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ ላይ ቢጫ ክዳን ይሠራል፤ በቢላ ይነሳል። ትንሽ ስለሚያድፍ ይሄንኑ ደግሜዋለሁ።

ሰም በ62 እና 64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል። እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም፤ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ አስቀምጦ ነው። ከቀለጠ በኋላ እሳቱን አጥፍቼ፣ ምድጃውን ትቼ፣ ደጅ ወጥቼ አኳራጃ ጨመርኩ። አኳራጃ እሳት አጠገብ ቀልድ አያውቅም። አንድ እጅ ሰም ለሦስት እጅ አኳራጃ። ሲቀዘቅዝ ቅቤ ሆነ፤ በመጀመሪያ አንድ ለአንድ ሠርቼው ግን እንደ ጧፍ ደርቆ ጨርቅ አልያዝ ብሎኝ ነበር።

አቀባቡ ከሁሉ ይቀላል። ትንሽ መቀባት፣ ማቆየት፣ በሱፍ ጨርቅ መወልወል። ብዙ ከቀቡ ይዳምናል፣ አቧራም ይይዛል። በርጩማው ላይ አንድ እጅ በቂ ሆነ። ማር ማር ይሸታል። ሰም ውሃን ብዙ አይከላከልም፣ ትኩስ ነገርም አይችልም፤ ቡፌው ላይ ጀበና ሲቀመጥ ከሥሩ ማቶት ይደረጋል ብያለሁ።

ጥቅምት፦ መሳቢያና ሂሳብ

አንዱ መሳቢያ ክረምቱን ሙሉ አልከፈት ብሎ ነበር። መላጊያ አንስቼ ጎኑን ላሳሳው ስል አናጢው ከለከለኝ፤ «እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ነው፣ በጋን ጠብቅ» አለ። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ወደ ርዝመቱ ምንም አይልም ማለት ይቻላል። ሐምሌ ላይ ቢላግ ጥር ላይ ክፍተቱ ጣት ያስገባ ነበር። አሁን ዝናቡ ቀንሷል፣ መሳቢያውም በራሱ ላላ ብሏል። የሚሄድበትን ሐዲድ በሰም ቁራጭ አሸሁት፤ ያለ ድምፅ ይገባል።

ወጪ፣ ለሦስቱም ዕቃ፦ ብርጭቆ ወረቀት 1,200 ብር፣ ሻላክ ከነመላኪያው 1,900፣ ቫርኒሽ 900፣ ንጹሕ አልኮል 600፣ ተልባ ዘይት 500፣ አኳራጃ 400፣ ማጠፊያና ብሎን 400፣ ጓንትና ማስክ 350፣ ሰፈፍ 300፣ ኮላ 250፣ ሶዳ 250። ላኬር ማስረጫ ሌላ 500። በጠቅላላው 7,550 ብር። ከዚህ ውስጥ ሶዳው፣ ላኬሩና ከብርጭቆ ወረቀቱ ግማሹ ባይገዛ ምንም አይጎድልም ነበር። ኮመዲኖው፣ ትንሹ ዕቃ፣ ከቡፌው ያላነሰ ወጪ ወስዷል። ለቡፌው የወጣው ሻላክ፣ አልኮልና ማጠፊያ ነው።

ከእንግዲህ አንድ ዕቃ ሲመጣ ቅደም ተከተሌ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ማጠብ፣ ከዚያ በአልኮል መፈተን፣ ከዚያ ሊድን የሚችለውን ቅብ ማዳን። መላጥ የመጨረሻው ነው፣ እሱም በመስታወት ስባሪ።

ጎረቤት አንድ ቁምሳጥን እንድመለከትላት ጠይቃኛለች። በሩ ኮምፔንሳቶ ላይ የተለጠፈ ስስ የእንጨት ልጣጭ ነው፣ ጠርዙም ተገልጧል። ስስነቱ የወረቀት ያህል ስለሆነ ብርጭቆ ወረቀት አይነካውም፤ ኮላና ካውያ ነው የሚሞከረው። ከኅዳር አጋማሽ በፊት አልጀምርም። እስከዚያ የራሴን ሞርሴቶ ቢያንስ ሁለት መግዛት አለብኝ።